ያደገ ዘንባባ ይዛወር ወይስ ይቆረጥ? «ቆርጦ ችግኝ መትከል ይበጃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ያደገ ዘንባባ ለማዳን መድከም ከንቱ ነው፤ ቆርጦ ችግኝ መትከል ይበጃል» የሚል ሐሳብ የያዘ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። የጽሑፉ መነሻ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው መንገድ ስለሚሰፋ አጥሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በአጥሩ ጥግ ለረጅም ዘመን የቆሙ አራት ዘንባባዎችም መንገዱ ላይ ይቀራሉ። ጸሐፊው አራቱም ይቆረጡ ባይ ናቸው። ምክንያታቸውም ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ያደገ ዛፍ ተነቅሎ አይጸድቅም፤ የዘንባባ ሥር የግንብ መሠረት ያናጋል፤ ማዛወር ከችግኝ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስወጣል፤ የተዛወሩ ዘንባባዎች በወር ውስጥ ሲደርቁ ታይተዋል፤ የግድ ይዛወሩ ከተባለም ጊዜው ክረምት ነው፤ በዚያ ላይ ዘንባባ መጤ ጌጥ እንጂ የአገር ዛፍ አይደለም። ለመቁረጥ ለሚሳሳ ሰው ደግሞ ግንዱን ከመካከሉ ቆርጦ ማሳጠርን እንደ አማካይ መፍትሔ ያቀርባሉ።

ጸሐፊው የሕዝብ ገንዘብ እንዳይባክን ተቆርቁረው እንደ ጻፉ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በመናፈሻና በዛፍ እንክብካቤ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው እንደ መሆኔ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪደር ልማት ከተጀመረና ወደ ሌሎች ከተሞች ከተስፋፋ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ በብዙ ግቢ ደጃፍ ቆሟል። ጥያቄው የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ከደረሰ በኋላ ስለ ሆነ፣ የግቢው ኃላፊ ያነበበው አንድ ጽሑፍ ብቻውን ውሳኔ ሊሆን ይችላል። አንዴ የተቆረጠ ዘንባባ ደግሞ መልሶ አይቆምም። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ላያቸው እወዳለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ፣ ማለትም ዛፍ ባደገ ቁጥር ተነቅሎ የመጽደቅ ዕድሉ ይቀንሳል የሚለው፣ ለዝግባ፣ ለጥድ፣ ለዋንዛና ለግራር እውነት ነው። ለዘንባባ ግን አይሠራም፤ አብዛኞቹ የጽሑፉ ስሕተቶችም ከዚህ የሚቀዱ ስለ ሆኑ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ዘንባባ በዝርያው ከዝግባ ይልቅ ለሙዝና ለበቆሎ የቀረበ ተክል ነው። በየዓመቱ እየወፈረ የሚሄድ እንጨት የለውም፤ ግንዱ አንዴ ውፍረቱን ከያዘ በኋላ የሚያድገው ወደ ላይ ብቻ ነው። ሥሩም የዝግባን ሥር አይመስልም። መሬት ውስጥ ጠልቆ የሚገባ፣ ከዓመት ዓመት እየወፈረ የሚሄድ ዋና ሥር የለውም፤ በእሱ ፈንታ ከግንዱ ግርጌ ዙሪያ ብዙ፣ ቀጫጭን፣ ውፍረታቸው ተቀራራቢ የሆነ ሥሮች ዕድሜውን ሙሉ ሲወጡ ይኖራሉ። ያደገ ዝግባ ሲነቀል የሚቆረጠው ለአሥርተ ዓመታት የተገነባና ዛፉ በቀላሉ ሊተካው የማይችል የሥር መረብ ነው። ያደገ ዘንባባ ሲነቀል የሚቆረጠው ግን ዛፉ ከግርጌው እንደ አዲስ ሊያወጣ የሚችለው ሥር ነው።

ይህን በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ዘንባባ ዙሪያውን ሲቆፈር ቆሞ ይመልከት። ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ዶማው እንደ ገባ የሚገናኘው፣ የጣት ውፍረት እንኳ የሌላቸው ቡናማ ሥሮች እርስ በርስ ተጠላልፈው አፈሩን አጥብቀው እንደ ያዙ ነው። በስለታም አካፋ ሲቆረጡ ልባሳቸው ለስላሳና ነጣ ያለ ሆኖ፣ ከመካከሉ አንድ ጠንካራ ክር ይታያል። የግርጌውን አፈር በእጁ ጠረግ አድርጎ የሚያይ ሰው ደግሞ ከግንዱ ገና ብቅ ያሉ፣ ጫፋቸው የነጣ ለጋ ሥሮችን ያገኛል። የማዛወሩ ሥራ ተስፋ የሚጣለው በእነዚህ በለጋዎቹ ላይ ነው። ባለሙያ አፈሩን ሲያነሣ ግርጌውን በዶማ እንዳይነካው የሚጨነቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲያውም ነገሩ ጸሐፊው ካሉት ተቃራኒ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ገና ግንድ ያላወጣ፣ ቅጠሉ ብቻ ከመሬት የሚታይ ወጣት ዘንባባ፣ ሥር የሚያወጣው ግርጌው ስላልዳበረና በግንዱ ውስጥ ያከማቸው ስንቅ ስለሌለው፣ ከመሬት ተነቅሎ ሲዛወር ግንድ ካወጣው ታላቁ ይልቅ ለሞት የተጋለጠ ነው። በፕላስቲክ ከረጢት ያደገውን ችግኝ እንደ ልብ መትከል ይቻላል፤ መሬት የያዘውን ወጣት መንቀል ግን ሌላ ነገር ነው። «ትንሹን አዛውሩ፣ ትልቁን ቁረጡ» የሚለው የጽሑፉ ምክር እንግዲህ ጭራሽ የተገለበጠ ነው።

ያደገ ዘንባባ ተነቅሎ እንደሚኖር የሚያሳይ ምስክር ከተፈለገ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኤክስፖዚሽን ፓርክ በተባለው መናፈሻ መግቢያ የቆመ አንድ ዘንባባ አለ። እ.ኤ.አ. በ1888 ከከተማዋ ጎዳናዎች ከአንዱ ተነቅሎ በአንድ የባቡር ጣቢያ ፊት ተተከለ፤ ጣቢያው በሌላ ሲተካ ደግሞ በ1914 እንደገና ተነቅሎ አሁን ወዳለበት መናፈሻ ተዛወረ። በሁለቱም ጊዜ ያደገ ዛፍ ነበር፤ በዚያን ዘመን ደግሞ የዛሬው ዓይነት ክሬን አልነበረም። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ያደጉ የቴምር ዛፎችን ከእርሻ ወደ ጎዳና፣ ከጎዳና ወደ ግቢ ማዛወር ዱባይ ወይም ሪያድ የኖረ ወገናችን ሁሉ በዓይኑ ያየው የዘወትር ሥራ ነው።

ይህን ስል ማንኛውም ዘንባባ እኩል ይጸድቃል ማለቴ አይደለም። ጸሐፊው «ዘንባባ» ብለው በአንድ ስም የጠቀለሏቸው ዛፎች በጠባይ በጣም ይለያያሉ፤ ውሳኔውም በመጀመሪያ መመሥረት ያለበት በዚህ ላይ ነው። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመሩትና የታወቀ ጥናት አላቸው። በጥናቱ መሠረት ኮኮናት ሥሮቹ የቱንም ያህል አጥረው ቢቆረጡ ግማሽ ያህሉ ተርፈው እንደገና ያድጋሉ። ሳባል የሚባለው የፍሎሪዳ ዘንባባ ግን የተቆረጡ ሥሮቹ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን እስከ ግንዱ ድረስ ይሞታሉ፤ ዛፉ የሚድነው ፈጽሞ አዲስ ሥር በማውጣት ስለ ሆነ፣ አዲሱ ሥር እስኪመጣ ውኃ እንዳይተንበት ሲዛወር ዝንጣፊው በሙሉ ይቆረጣል። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው በጥናቱ ውስጥ የአገራችን ዘንባባም መኖሩ ነው። በየወንዙ ዳር የሚበቅለው፣ ለሆሳዕና ዝንጣፊው የሚቆረጠው፣ ሰሌን የሚሠራበት ዘንባባ፣ ከግንዱ ጋር የሚቀረው ሥር በረዘመ መጠን ብዙ ሥር ይተርፍለታል። እንግዲህ ይህንን ዛፍ ለማዛወር የሚቆፍር ሰው ከግንዱ ጥግ ሥር ሥሩን እየቀጨ ቢያነሣው ይሞትበታል፤ ሰፋ አድርጎ፣ ብዙ አፈር ይዞ ቢያነሣው ይጸድቅለታል። ሁለቱም ሰዎች ያዛወሩት አንድ ዓይነት ዛፍ ነው፤ ከመጀመሪያው ሰው ሥራ ተነሥቶ «ዘንባባ አይጸድቅም» ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የቴምር ዛፍ፣ የካናሪ ደሴቶች ዘንባባና ማራገቢያ ቅጠል ያለው ዋሽንግቶኒያ በደንብ ከተያዙ ማዛወርን ከሚችሉት ወገን ናቸው። በቆላው የሚገኘው ዱም የተባለው ዘንባባ ግን አስቸጋሪ ከሚባሉት ውስጥ ነው፤ እሱን በተመለከተ የጸሐፊውን ጥርጣሬ እጋራለሁ።

«ከመካከሉ ቆርጦ ማሳጠር» የሚለው ሐሳብ በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፈ ቢሆንም ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ለዛፉ የሚራራ ሰው የሚመርጠው መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍ ከወገቡ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፤ ጃካራንዳም ቢከረከም ቅርንጫፍ ያወጣል። አንድ ግንድ ብቻ ያለው ዘንባባ ግን የሚያድግበት ነጥብ አንድ ነው፤ እሱም በአናቱ፣ በዝንጣፊዎቹ መካከል የተደበቀው ልቡ ነው። ልቡ የተቆረጠበት ዘንባባ ሌላ አናት አያበቅልም፤ ቀስ በቀስ ይደርቅና በስብሶ ይወድቃል። የመብራት መሥመር የነካ ዘንባባ «ላዩን ብቻ እናንሳለት» ተብሎ ሲቆረጥ የተቆረጠው ሙሉው ዛፍ መሆኑን ግቢው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ዘንባባ በሽቦ ሥር ከሆነ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ማዛወር ወይም ማስወገድ። ጸሐፊው ይህን አማራጭ ከጽሑፋቸው ቢያወጡት ለብዙ ግቢ ውለታ ይውላሉ። ከግንዱ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። የዘንባባ ግንድ እንደ ሌላው ዛፍ ቁስሉን ሸፍኖ አይድንም፤ የተመታበት ምስማር፣ የመውጫ ጫማ ሹል ብረት ያተመው ቀዳዳ፣ የክሬን ሰንሰለት የላጠው ቦታ ዛፉ እስኪሞት ድረስ በዚያው ይኖራል፤ ለበሽታም በር ይከፍታል።

የግንብ መሠረትን በተመለከተ ጸሐፊው ዋርካን ከዘንባባ ጋር ያቀላቀሉ ይመስለኛል። መሠረት የሚያናጋው በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ከዓመት ዓመት እየወፈረ የሚሄድ ሥር ነው። የዘንባባ ሥር አንዴ ከወጣ አይወፍርም። ዘንባባው ከግንብ ወይም ከአስፋልት ጋር ተጣብቆ ከተተከለ ግርጌው ሲሰፋ ንጣፍ ሊያነሣ ይችላል፤ ራቅ ብሎ የቆመ ዘንባባ ግን ቤት ያፈርሳል ተብሎ ሊቆረጥ አይገባም። እንዲህ ያለ ፍርሃት ብቻ ከሆነ ያለው፣ ዛፉ መዛወርም መቆረጥም ሳያስፈልገው በቦታው ይተው። በነገራችን ላይ «መነካቱ የግድ ነወይ?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ በጽሑፉ ውስጥ ጨርሶ አልተነሣም። አጥሩ በዘንባባው ዙሪያ ጥቂት ቢታጠፍ፣ ወይም ዘንባባው በእግረኛ መንገዱ መካከል በክብ አፈር ቢቀር የሚፈታ ስንት ጉዳይ አለ! ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ጎዳናና ዘንባባ አብረው እንደሚኖሩ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ወደ ዋጋው ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያነሡት ነገር መሠረት አለው። ያደገ ዘንባባ ከነአፈሩ ብዙ ቶን ሊመዝን ይችላል፤ ክሬን፣ ሎቤድ (ከባድ ዕቃ የሚጭን ዝቅተኛ ተሳቢ)፣ የቀን ሠራተኛ፣ ከዚያም የውኃ ቦቴ ያስፈልገዋል። ሆኖም የጽሑፉ ስሌት በአንድ ወገን ይህን ሁሉ ደርድሮ በሌላው ወገን የአንድ ችግኝ ዋጋ ብቻ ያስቀምጣል፤ የመቁረጡ ወጪ የት ገባ? በአጥር ጥግ፣ በሽቦ አጠገብ የቆመ ረጅም ዘንባባ ለመቁረጥም ብዙ ጊዜ ክሬን ይጠይቃል። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ አጣናው ይሸጣል፣ ቅርንጫፉ ማገዶ ይሆናል። የዘንባባ ግንድ ግን ውስጡ በእርጥብ ቃጫ የተሞላ ስለ ሆነ ጣውላ አይወጣውም፣ እሳትም በደንብ አይይዘውም፤ የሞተር መጋዝን ጥርስ ያደነዝዛል፤ ከተቆረጠም በኋላ ጭኖ የሚጥለው መኪና ይፈልጋል። ጉቶውም አለ።

ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚተከለው ችግኝ የሚፈጀው ጊዜ ይቀራል። ዘንባባ ገና በልጅነቱ ለብዙ ዓመታት ግርጌውን በማስፋት ላይ ብቻ ይቆያል፤ ወደ ላይ መነሣት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ የተተከለ የካናሪ ዘንባባ የተቆረጠውን ታላቁን የሚተካው ዛሬ አንደኛ ክፍል የገቡት ተማሪዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያው ትምህርት ቤት በሚመለሱበት ዘመን ነው። ይህ ጊዜ በገንዘብ ባይተመንም ከስሌቱ ሊወጣ አይገባውም።

ይህም ሆኖ ከጸሐፊው ጋር በግልጽ የምስማማበት አንድ ሁኔታ አለ። ዛፉ ከተዛወረ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ውኃ የሚያጠጣና ድጋፉን የሚከታተል ሰው በስም ካልተመደበ፣ ማዛወሩ ገንዘብ ማባከን ነው። ብዙ ቦታ ገንዘቡ የሚመደበው ለመንቀልና ለመትከል ብቻ ነው፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ክሬኑ ይሄዳል፣ ዘንባባውም ብቻውን ይቀራል። እንዲህ ከሚሆን ከነጭራሹ መቁረጡ ይሻላል።

«በወር ውስጥ ሲደርቁ ታይተዋል» የሚለው ነጥብም የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ ደርቀው የቆሙ የተዛወሩ ዘንባባዎችን ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን በወር ውስጥ የሚታየው ቅጠል መድረቅ የሞት ምልክት ላይሆን ይችላል። ሥሩ የተቆረጠበት ዛፍ የቀድሞ ዝንጣፊዎቹን ሁሉ መመገብ ስለማይችል የታችኞቹን ይለቅቃል፤ ባለሙያውም አስቀድሞ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ፣ የቀሩትን በልቡ ዙሪያ በገመድ ያስራል። መታየት ያለበት መካከል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ገና ያልተዘረጋው ቅጠል ነው። እሱ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ላይ ከገፋ ዛፉ በሕይወት አለ። በእጅ ሳብ ሲደረግ ተመዝዞ ከወጣና የታችኛው ጫፉ በስብሶ ከሸተተ ግን ልቡ ሞቷል። የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ዘንባባ በግንዱ ባከማቸው ስንቅ ለብዙ ወራት አረንጓዴ መስሎ ሊቆይና በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በወር ውስጥ «ሞተ» ማለትም «ጸደቀ» ማለትም ሁለቱም ችኮላ ነው፤ ቁርጡ የሚታወቀው አዳዲስ ቅጠል እያከታተለ ሲያወጣ ነው።

አንድ በቅርብ ያየሁትን ጉዳይ ልጥቀስ። በአንድ ግቢ ውስጥ ቁመታቸው የተለያየ ዘንባባዎች በአንድ ረድፍ ሲተከሉ፣ አናታቸው እኩል እንዲታይ ተብሎ ረጅሙ ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ በጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። የግንዱ ግርጌ በሙሉ ተቀበረ ማለት ነው። ዛፉ ለጊዜው አረንጓዴ ነበር፤ እየቆየ ግን አዲስ የሚወጣው ቅጠል እያጠረና እየገረጣ ሄደ፤ በመጨረሻም ደረቀ። ሲቆፈር ሥሮቹ ጠቁረው፣ ልባሳቸው በጣት ሲነካ እየተላጠ፣ ጉድጓዱ ውኃ አቁሮ ይሸት ነበር። በዚያው ረድፍ ቀድሞ በነበሩበት ጥልቀት የተተከሉት ሁሉ ቆመዋል። ሥራውን የሠራው ተቋራጭ ያቀረበው ማብራሪያ «ያረጀ ዛፍ ስለ ነበር ነው» የሚል ነበር። እንዲህ ያሉ ማብራሪያዎች ናቸው እየተጠራቀሙ «ያደገ ዘንባባ አይጸድቅም» ወደሚል ድምዳሜ የሚያደርሱን።

ስለ ክረምቱ። ጸሐፊው «ዝናቡ ራሱ ያጠጣልና በሐምሌ ይዛወር» ይላሉ። ለአብዛኛው ችግኝ የተለመደው ምክር ይህ ስለ ሆነ አልፈርድባቸውም። የዘንባባ ሥር ግን እንዲያድግ ከውኃው በላይ የሚያስፈልገው የአፈር ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የማይታይባቸው፣ የቀን ሙቀት ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ የሚልባቸው ወራት ናቸው። በዚያ ላይ የከተማዋ ብዙ ክፍል መረሬ፣ ማለትም ውኃ የሚይዝ ጥቁር ጭቃ አፈር ነው፤ በመረሬ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ አዲሱ ሥርም ሳይወጣ ይበሰብሳል። ለደጋው ከተማ የተሻለው ጊዜ አፈሩ የሚሞቅበትና የበልግ ዝናብ የሚጀምርበት ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ያለው ነው፤ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ዛፉ ሥር ለማውጣት ጊዜ ያገኛል። በየቀኑ የሚያስፈልገውን ውኃ ግን ሰው ያጠጣዋል እንጂ ደመና አይጠበቅም። ከመተከሉ በፊት ጉድጓዱን ውኃ ሞልቶ ማሳደርና መስረጉን ማየት ያስፈልጋል፤ በማግሥቱም ውኃው እንዳለ ከተገኘ ቦታው ይቀየር ወይም መፋሰሻ ይሠራለት። ነፋስ እንዳይጥለው በአጣና ይደገፋል፤ አጣናው ግን ግንዱ ላይ በምስማር አይመታም፤ በግንዱ ዙሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ በጆንያው ላይ አጫጭር ጣውላዎች በቀበቶ ይታሰሩና ድጋፉ ከጣውላዎቹ ጋር ይያያዛል።

«መጤ ነው» ለሚለው ብዙ መናገር አያስፈልግም። ዋሽንግቶኒያና የካናሪ ዘንባባ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ የወንዝ ዳሩ ዘንባባ ግን የዚሁ አገር ዛፍ ነው። ከመቁረጥ በፊት የትኛው እንደ ሆነ መለየት ይገባል።

የጸሐፊውን አቋም በእርግጥ ሊያጠናክር የሚችለው ክርክር በጽሑፋቸው ውስጥ አለመኖሩ ገርሞኛል፤ እሱም የበሽታና የተባይ ጉዳይ ነው። ሊዛወሩ የማይገባቸው፣ መወገድ ያለባቸው ዘንባባዎች አሉ። በግንዱ ግርጌ ጠንካራ እንጉዳይ ያበቀለ ዘንባባ ውስጡ እየበሰበሰ ሊሆን ስለሚችል በማንሣት ላይ እያለ ሊሰበርና ሰው ሊገድል ይችላል፤ መድኃኒትም የለውም። የካናሪ ዘንባባን የሚያጠቃ፣ ከታችኞቹ ዝንጣፊዎች ጀምሮ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎናቸው ብቻ የሚያደርቅ ሻጋታም አለ፤ ባልጸዳ መጋዝ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሸጋገራል፣ በአፈርም ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ያን ዛፍ ማዛወር በሽታውን ማዛወር ነው። ከሁሉም የከፋው ቀዩ የዘንባባ ጢንዚዛ ነው። ከእስያ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የባሕረ ሰላጤውን አገሮች ደረሰ፤ በ1990ዎቹ ግብፅና ስፔን ገባ፤ በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ላይ በእስራኤል ታየ። ከአገር አገር ያሻገረው በዋነኛነት ክንፉ አይደለም፤ ትሉ (እጩ) በግንዳቸው ውስጥ ተደብቆ የተጓጓዙ ዘንባባዎች ናቸው። የአፋርን የቴምር ዛፎች ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ ከግቢ ወደ ግቢ የሚዛወር ጤነኛ ዘንባባና ከባሕር ማዶ ተጭኖ የሚመጣ ያደገ ዘንባባ በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም። የፊተኛውን እደግፋለሁ፤ የኋለኛውን ጥብቅ ምርመራና የኳራንታይን ቆይታ ከሌለ እቃወማለሁ።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ አራት ዘንባባዎች ልመለስና ጸሐፊው ራሳቸው የሰጡትን መግለጫ ይዤ አንድ በአንድ ልያቸው። የመጀመሪያው ወደ መንገዱ ያዘነበለ፣ ግርጌው ላይ «ደረቅ እንጉዳይ የተጣበቀበት» እንደ ሆነ ጽፈዋል። እሱ ይቆረጥ፤ ልጆች በሚያልፉበት ቦታ እንዲህ ያለ ዛፍ መንገዱ ባይሰፋም ሊቆይ አይገባውም፤ በጉድጓዱም ሌላ ዘንባባ አይተከልበት። ሁለቱ ቀጥ ያሉ፣ ማራገቢያ የመሰለ ቅጠል ያላቸው ረጃጅሞች ናቸው፤ ከመግለጫው እንደምረዳው ዋሽንግቶኒያ ሳይሆኑ አይቀሩም። እነዚህ ባለሙያ ግርጌያቸውን በእንጨት መዶሻ እየመታ ድምፁን አዳምጦ፣ አናታቸውንም አይቶ ጤነኞች ናቸው ካለ፣ ክሬን የሚገባበት ቦታም ካለ፣ በዚያው ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ መዛወር ይችላሉ፤ ርቀቱ አጭር ስለ ሆነ ሎቤዱም ላያስፈልግ ይችላል። አራተኛው «ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣ፣ ዝንጣፊው በየዓመቱ ለሆሳዕና የሚቆረጥ» የተባለው ነው። ይህ የአገሩ ዘንባባ ነው። ሙሉውን እንዳለ ማንሣት ከባድ ከሆነ ከግንዶቹ መካከል ጤነኞቹን መርጦ፣ እያንዳንዱን ሰፊ አፈር አስይዞ ለይቶ ማንሣት ይቻላል፤ የሚቀረው ጉቶም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ከመንገዱ ሥራ ኃላፊዎች ጋር ሲነጋገር ሊጠይቀው የሚገባው ነገር ማሽኑ መቼ እንደሚደርስ ነው፤ ከሚያዝያ በፊት ከሆነ ሦስቱን ለማዛወር ጊዜ አለ፤ በሐምሌ ቢሆንም ክረምቱ ሳይጠበቅ ሥራው በበልጉ ይጀመር፤ ለአንድ ዓመት ውኃ የሚያጠጣው ዘበኛም ወይም አትክልተኛም ማን እንደ ሆነ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ይወሰን።